የሙዘሚል ደጃፍ

ቅዳሜ፣ ጁላይ 2፣ 1977

ይህ ደብተር የፉርጎ መንኮራኩር ሲመረመር የሚመዘገብበት ነበር። አትባራ ባቡር ጥገና ውስጥ ሊጣል ሲል አንስቼው ነው። እስከ ሃምሳ አራት ዓመቴ ሆዴ ያለውን በወረቀት አስፍሬ አላውቅም። ሆዴ ያለው ሁሉ በአፌ ሲወጣ ነው የኖረው። ዛሬ ግን እውነቱ የእኔ መሆኑን የሚመሰክርልኝ ሰው ጠፋ፤ ስለዚህ ለወረቀት ልንገረው።

ትናንት በሠራተኞች ክበብ ዶሚኖ እየተጫወትን ሐምዳንን እራት ጠራሁት። ሐምዳን ብየዳ ክፍል ሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራ ነው። ሲጋብዙት መሽኮርመም ይወዳል፤ «ሆዴን አሞኛል» አለ። እኔም ወግ ነውና፣ «ሚስቴ ትፈታ፣ ዛሬ እኔ ቤት ሳትበላ አታድርም!» አልኩት። በዚህ አገር እንዲህ ሳይማልበት የሚበላ እንግዳ ካለ አሳዩኝ።

ይኼኔ ሙዘሚል የያዘውን ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጎ፣ «ሐምዳን፣ ተወው ባክህ። የባቢክር መሐላና የሰፈራችን ውሻ አንድ ናቸው፤ ሌባ ሲመጣም ይጮኻሉ፣ ነፋስ ሲመጣም ይጮኻሉ» አለ። ክበቡ በሳቅ ተናጋ።

ሙዘሚል የሚስቴ የበቱል ታናሽ ወንድም ነው፤ ባቡር ነጂ። ሌላም ነገር ተናግሯል። እሱ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ቤት ገባሁ። በቱል የባሚያ ወጥ እያማሰለች ነበር። «ስሚኝ!» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ የወንድምሽን ደጃፍ ብትረግጪ፣ ሚስቴ ትፈታ!» ማማሰያዋን አስቀመጠች። ዞር ብላ አየችኝና «ስንተኛው ነው?» አለች። ልጃችን ኢህሳን በሩን ይዛ ቆማ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ሐምዳን ሆዱን ይዞ መጣ። እውነትም አሞት ነበር። ማንም በማይናገርበት ቤት ሦስት ጉርሻ በላና፣ «በልቻለሁ፣ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ» ብሎ ሄደ።

አልጸጸትም። ሰው በሰው ፊት ሲዋረድ ምን ይበል?

ማክሰኞ፣ ጁላይ 5

በቱል ዝም ብላለች። ሻይ ታቀርባለች፤ ዝም። ጀለቢያዬን ታጥባለች፤ ዝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ኢህሳን «አባዬ፣ እማዬ አጎቴ ቤት የምትሄደው በየሐሙሱ ነው። የፊታችን ሐሙስ ምን ልትሆን ነው?» አለችኝ።

«ቤቷ ትቀመጣለች።»

«እሺ» አለችኝ። እሺታዋን ከእናቷ ነው የተማረችው።

ረቡዕ፣ ጁላይ 6

ውሻ ያለኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ዛሬ ራሴን ፈተንኩ። ጠዋት ሙሉ ክብሪት በግራ ኪሴ ያዝኩ። በማልኩ ቁጥር አንድ እንጨት ወደ ቀኝ ኪሴ አሻግራለሁ። ሦስት ወይ አራት ይሆናል ብዬ ነበር።

አርባ አንድ። ለሻይ ሻጯ ማልኩ (ወተት አትጨምሪብኝ ብዬ፤ ወተት ስለሚነፋኝ ነው)። ለመጋዘን ጠባቂው ማልኩ። በነቢዩ፣ በአባቴ መቃብር፣ በዓይኔ። ስድስቱ በሚስቴ ነበሩ። ከስድስቱ አንዱ ለአህያ ነው! የውሃ ጋሪ መንገድ ዘግቶብኝ፣ «ሚስቴ ትፈታ፣ ከዚህ ትንቀሳቀሳለህ!» አልኩት። አህያ መቼ ሰው ይሰማል? አላህ ይስጠው፣ ተንቀሳቀሰ።

ከእንግዲህ በሚስቴ አልምልም። ወላሂ አልምልም።

ይኸው፣ አርባ ሁለት።

ዓርብ፣ ጁላይ 8

ከጁምዓ ሶላት መልስ። ቤቱ ሁሉ ተኝቷል፣ ሙቀቱ ለጉድ ነው።

በቱል «ስንተኛው ነው?» ያለችው ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሦስተኛው ነው። ለባል የተፈቀደው ሦስት ፍቺ ነው፤ ሁለቱ አልቀዋል።

የመጀመሪያው በረመዳን ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ማፍጠሪያችንን መንገድ ላይ ዘርግተን አላፊውን ሁሉ እያስቆምን ነበር። አንድ የጭነት መኪና መጣ። መሀል መንገድ ገብቼ እጄን ዘርግቼ፣ «ሚስቴ ትፈታ፣ ሳታፈጥር አታልፍም!» አልኩት። ሾፌሩ በመስኮት እጁን አውለብልቦልኝ አለፈ። እግሬን ሊጨፈልቀኝ ለጥቂት! የሰፈራችን ሸኽ ጦይብ አንዱ አልቋል ብለው ቆጠሩብኝ፤ በዚያው ሳምንት መለስኳት። ሰዉ ለወር ሲስቅብኝ ከረመ።

ሁለተኛው የፖርት ሱዳኑ ባቡር ነው። ዓመቱን አልጽፍም። «ዛሬ በአሥር ሰዓት ካልገባ ሚስቴ ትፈታ» አልኩ። ባቡር ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቶ በባቡር ሰዓት የሚምል ሞኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሐዲዱን አሸዋ በልቶት ባቡሩ በማግስቱ ገባ። በቱል ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ ሙዘሚል ቤት አርባ ቀን ተቀመጠች። በአርባኛው ቀን ሙዘሚል ራሱ እጇን ይዞ አመጣልኝ። «የኢህሳን አባት፣ አንድ ቀርቶሃል። እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው» አለኝ።

ያኔ ወደድኩት። እህቱ በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው፤ እናታቸው እሱን ወልዳ ነው የሞተችው። በቱል ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች።

ታዲያ ያ ሰው ነው ውሻ ያለኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 12

ሸኽ ጦይብ ዘንድ ሄድኩ። ለነገሩ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ጨርሰው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በጥንቱ ፍርድ ከረገጠች አበቃ። ሌላ ሰው አግብታ፣ ያም ሰው ፈትቷት ወይ ሞቶባት ካልሆነ አትመለስልህም። የመንግሥቱ ቃዲ ግን የልብህን ይጠይቃል። ለማስፈራራት ብቻ ብለኸው ከሆነ እንደ መሐላ ይቆጥረዋል፤ አሥር ድሃ ታበላለህ፣ ያልቃል። ቃዲው ፊት ቀርበህ፣ አላሰብኩበትም፣ ብለህ ትምላለህ።»

«በሰው ፊት?»

«በምስክር ፊት።» ከዚያ ዓይኔን እያዩ፣ «አላሰብክበትም አይደል?» አሉኝ።

«ነገ እመጣለሁ» ብዬ ተነሳሁ።

እንዴት ብዬ ነው ቃዲ ፊት ቆሜ፣ ያልኩት ሁሉ ወሬ ነው፣ የምለው? ሙዘሚል ውሻ አለኝ፤ እኔ ደግሞ ልሂድና እንደ ውሻ ልጩህለት?

ረቡዕ፣ ጁላይ 20

ሙዘሚል ሥራ ቀረ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል አሉ። ወባ ይሆናል።

ሰኞ፣ ጁላይ 25

ወባ አይደለም። ጉበቱ ነው። ዛሬ በሌሊቱ ባቡር ወደ ካርቱም ወሰዱት። በቱል ጣቢያ ሄዳ ሸኘችው። ጣቢያ ደጃፉ አይደለም፤ ማንም አልከለከላትም። እኔም ፉርጎዎቹን ልፈትሽ እዚያው ነበርኩ። በመስኮት አየኝ። እጁን አነሳ መሰለኝ። ቅባት ያለው እጄን እየጠረግሁ ሳለ ባቡሩ ሄደ።

ዓርብ፣ ጁላይ 29

ሐቡብ፣ የአቧራው ማዕበል፣ ተነስቷል። በቀትር ፋኖስ አብርተናል፤ አቧራው በበሩ ስንጥቅ እየገባ ደብተሩ ላይ ይቀመጣል። መተኛት አልቻልኩም።

የወጥ ቤቱ በር ሲንቋረር «ስንተኛው ነው?» የሚል ይመስለኛል። እኔ በጂን የማምን ሰው አይደለሁም። ግን ያ ቃል ቤቱ ውስጥ አለ። በቱል ምንጣፍ ስትጠርግ ዙሪያውን እየጠረገች የምታልፈው ይመስለኛል። ምግብ ስንበላ አብሮን ይቀመጣል።

ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍ። ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከበርበር ከተማ ለመጣ እንግዳ፣ «ሚስቴ ትፈታ፣ ይህን ወተት ሳትጠጣ አትወጣም!» አለው። እናቴ ወተቱን በቅል ይዛ መጣች። እንግዳው ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። እናቴ ቅሉን መሬት አስቀምጣ ፎጣ ልታመጣ ሄደች። እኔ ወተቱን ጠጣሁት። ጣፋጭ ነበር፤ ገና ትኩስ። እንግዳው ሲመለስ ቅሉ ባዶ ነው፣ ግመሎቹ ተጭነዋል፣ ላሚቱም ታልባለች። ሳቀና ሄደ። አባቴ አልሳቀም። ለካ የእሱም ሦስተኛው ነበር። እናቴ ያን ቀን ወጣች። ስትወጣ የላይኛውን ከንፈሬን በመከናነቢያዋ በቶቧ ጫፍ ጠረገችልኝ፤ የወተት አረፋ ጢም ሠርቶበት ነበር። ታውቅ ነበር ማለት ነው። ማን ጠጣው ሲሏት ግን አልተናገረችም።

ወተት የምሸሸው ስለሚነፋኝ አይደለም።

እና ያ ልጅ አድጎ በሚስቱ ይምላል። ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። ሌላው መሐላ ሁሉ ረክሷል፤ በአላህ ስምል ሻይ ሻጯ እንኳ ቀና ብላ አታየኝም። በሚስቴ ስምል ግን ሰው ይቆማል። ከአፌ ሲወጣ ደረቴ ይቀልለኛል፣ እብጠት ሲፈነዳ እንደሚቀልለው። ያን ዕለት ለበቱል ስናገረውም ቀልሎኝ ነበር።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 6

ሙዘሚልን መለሱት። ሐኪሞቹ ቤቱ ይረፍ ብለዋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገረውም። ሐምዳን «ጥላው ብቻ ነው የተመለሰው» አለኝ። ከዚያ፣ «ባቢክር፣ ቃዲውኮ በዚያ መንገድ ነው» አለ። «መንገዱን አውቀዋለሁ» አልኩት።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 9

ስምንት ሰዓት ላይ የባቡር ጥገናው ፊሽካ ጮኸ። ሺህ ብስክሌት አንድ ላይ ወጣ፤ እኔም መሀላቸው። ሙዘሚል በሚኖርበት በዳኽላ ሰፈር በኩል ሳልፍ ፊት ያሉት ቀስ አሉ። ምንድነው ብዬ አንገቴን ሳሰግግ አየሁ።

ሙዘሚልን ከነጠፍር አልጋው አውጥተው መንገድ ላይ አስቀምጠውታል። ከደጃፉ ሦስት እርምጃ ራቅ አድርገው። በቱል አልጋው አጠገብ አፈር ላይ ተቀምጣ፣ በቶቧ ጫፍ ፀሐይ ትከልልለታለች። ደጃፉን ሳትረግጥ ታየው ዘንድ ጎረቤቶቹ የዘየዱት ነው። አንዷ አሮጊት ጥላ ልትሠራ ጆንያ ትወጥራለች። ሠራተኛው ሁሉ ከብስክሌቱ እየወረደ በእግሩ እየገፋ አለፈ፤ ሬሳ ሲያልፍ እንደሚደረገው።

እኔ አዞርኩ። በጀርባ መንገድ ቤት ገባሁ። ጎማዬ ተንፍሶ ነበር።

(አልተነፈሰም።)

ሐሙስ፣ ኦገስት 11

ዛሬም አወጡት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐቡብ ተነሳ፤ ከሰሜን እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ። አልጋውን አንስተው ወደ ውስጥ ሮጡ። በሩን ሊዘጉ ሲሉ የሙዘሚል ሚስት፣ «ግቢ! ኧረ ግቢ በአላህ!» አለቻት አሉ። በቱል አልገባችም። ቶቧን ተከናንባ፣ ግንባሯን በሩ ላይ ደግፋ፣ አቧራው እስኪያልፍ ድረስ ከውጭ ቆመች። ከውስጥ ሙዘሚል እየጠራት ነበር አሉ። እሷም በእንጨቱ ስንጥቅ «አለሁ፣ አለሁ» ስትለው ነበር።

ይህን የነገረችኝ ኢህሳን ናት፤ አብራት ቆማ ነበር። እየነገረችኝ ጥርሷ ውስጥ አሸዋ ይንቀጫቀጫል።

በቱል ስትገባ ዓይኗ ቀልቶ አብጧል። ውሃ ላፈስስላት ጆግ አነሳሁ። ከእጄ ወስዳ ራሷ ታጠበች።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 13

ዛሬ ቃዲው ዘንድ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ተመለስኩ።

እሑድ፣ ኦገስት 14

ሐምዳን፦ «ትናንት ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ አየሁህ። ምነው ሳትገባ? ሰው አልነበረምኮ።»

ሰኞ ሥራ ይበዛል። ማክሰኞ ረመዳን ይገባል። ከዚያ በኋላ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 16

የረመዳን የመጀመሪያው ቀን። እንደ ወጉ ማፍጠሪያችንን መንገድ ላይ ዘረጋን። አንድ መንገደኛ አቧራ ለብሶ መጣ፤ ከናፍሩ ተሰነጣጥቋል። ተነሳሁ። «ሚስቴ…» ብዬ ጀመርኩ፤ ሰዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። «እባክህን፣ ጎራ በል» አልኩት። ሰውየው ፊቴን አይቶ «ይባርክልህ» ብሎ አለፈ። እባክህን ብቻ ሲሉት የምር አይመስለው! አሥር እርምጃ ርቆ የሚቀጥለው ቤት ሰው በሚስቱ ማለበት፤ ያለምንም ማንገራገር ተቀመጠ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 20

በቱል ተናገረች። ከማፍጠሪያ በኋላ፣ ኢህሳን ዕቃ ስታጥብ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«የኢህሳን አባት፣ በሃያ ስድስት ዓመት ምን ለመንኩህ?»

«ምንም።»

«አሁን ልለምንህ ነው። ነገ ቃዲው ዘንድ ሂድ። አላሰብኩበትም በልልኝ። አንድ ቃል ናት። አንተ ደግሞ ቃል አያልቅብህም።»

«እሱ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቅ» አልኳት።

«በምን አፉ? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አይናገርም።»

የሻይ ብርጭቆዬን አዞርኩ።

«ምን ብሎህ ነው? ውሻ ስላለህ ነው? ሰው ሁሉ ይልሃል፤ አንተ አትሰማም እንጂ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወይስ ሌላውን ስላለህ ነው?» አለች።

ታውቃለች። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው የሌለው። እንግዲህ ልጻፈው። ሙዘሚል ስለ ውሻው ከተናገረ በኋላ፣ ሳቁ ሳይበርድ፣ እሱ ሳይስቅ፣ «እህቴ የእራት መጥሪያ አይደለችም» አለ። ሳቁ ያኔ ቆመ። ያቃጠለኝ ይኼ ነው። ውሻ ማለቱን ብሰማው ባልሰማው ግድ አልነበረኝም።

በቱል ተነሳች። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። አንተን ግን ቃዲው ያሽልህ ነበር» ብላ ገባች።

ረቡዕ፣ ኦገስት 24

ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ፍርድ ቤት ስደርስ ሦስት ሰዓት ነው። ቃዲው ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና አልጠነከረም። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ፣ ሁለት ምስክሮች (አንዱ ሐምዳን) ወንበር ላይ።

«ስትናገር ሐሳብህ መፍታት ነበር ወይስ ማስፈራራት?»

«ማስፈራራት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ነኝ።»

«ማል» አለና ቁርኣኑን ወደ እኔ ገፋ።

እጄን አስቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስምል የኖርኩ ሰውዬ ላብ አጠመቀኝ። ያን ምሽት ወጥ ቤቱ በር ላይ ምን አስቤ ነበር? ወንድሟን በፊቴ እንድትመርጥ? እንድታለቅስ? እንድትሄድ? ቀልሎኝ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። ሐምዳን ጉሮሮውን ጠረገ። ማልኩ። ድምፄን እኔው አልሰማሁትም። ቃዲው ፈረመ፣ ማኅተም መታ፣ «ሚስትህ ደጃፉን ብትረግጥም ሚስትህ ናት። አሥር ድሃ አብላ። እና ሰውዬ፣ አፍህን ጠብቅ» አለኝ።

ወረቀቱን ደረት ኪሴ ከትቼ ብስክሌቱን እንደ ጎረምሳ ነዳሁት። ሮጬ ልነግራት። እጇን ይዤ ራሴ ላስገባት።

ኢህሳን ደጃፋችን ላይ ተቀምጣለች።

«አባዬ፣ አጎቴ ሞተ። እማዬ ሄዳለች።»

«ገባች?» አልኳት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ እሱን ነው የምትጠይቀኝ?»

ቅዳሜ፣ ኦገስት 27

ሦስቱን ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ። ቁርኣን ተቀራ። የሴቶቹ ድምፅ ከውስጥ ይመጣል፤ የበቱልን ድምፅ ልለይ ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ የለቅሶ ድምፅዋን አላውቀውም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ሐምዳን ከጎረቤቶቹ ሰምቶ ነገረኝ። ረቡዕ ጠዋት ሊያወጡት ሲሉ ነፍሱ አንገቱ ላይ ነበረች፤ አልጋው ከተነሳ መንገድ ላይ ይሞታል አሉ። በቱል ይህን ከውጭ ሰማች። ጫማዋን አወለቀች። ገባች። ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሞተ።

ስንት ሰዓት ላይ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ሐምዳን ጫማውን እያየ፣ «ሦስት ሰዓት ገደማ» አለ።

ወረቀቴን አወጣሁ፤ ማኅተሙን አሳየሁት፣ አጠገቡ ላሉትም አሳየሁ። «እኔኮ ጨርሻለሁ፣ ሕጋዊ ነው» አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አልዞርኩም፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ።

ማንም አልሳቀም።

ሰኞ፣ ኦገስት 29

አሥሩን ድሃ መስጊድ ደጃፍ ላይ አስፈጠርኩ። ሸኽ ጦይብ አንድ ሁለት እያሉ ቆጠሩልኝ። አሥረኛው ማየት የተሳነው ሽማግሌ ነው፤ ሲጨርስ እጁን ዘርግቶ «አላህ ቤትህን ያቁምልህ» አለኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 1

በቱል መጣች። ሐዘን ለብሳ። ልብሷን ጨርቅ ላይ ስትደረድር ቆሜ አየኋት። ያኔ ሙዘሚል ቤት ስትሄድ የቋጠረችበትን፣ ያንኑ የዛሬ ሰባት ዓመቱን ጨርቅ ነው ያወጣችው።

«በቱል፣ አልሰማሽም መሰለኝ። ተፈቷልኮ ነገሩ። ይኸው ወረቀቱ። ከመግባትሽ በፊት ይሁን በኋላ ለውጥ የለውም ብለዋል ሸኹ። ሚስቴ ነሽ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ይኼ ምንድነው?»

«የወንድሜ ሚስት ብቻዋን ናት፤ ሦስት ልጅ አላት። እዚያ ነው የምኖረው። ኢህሳን ከፈለገች ትመላለስ።»

«እኔኮ ማልኩ! ቁርኣን ይዤ! አላሰብኩበትም ብዬ!»

ቋጠሮዋን ጠበቅ አደረገች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ብትቆጣ ልማዴን እይዝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አያልቅብኝም።

«እውነትህን ነው» አለች። «አንተ ስትምል አላሰብክበትም። እኔ ግን ደጃፉን ስረግጥ አስቤበታለሁ። ስንተኛው እንደሆነ ቆጥሬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በቀኝ እግሬ ነው የገባሁት።»

ቋጠሮዋን አንስታ ወጣች። እስከ በሩ ተከተልኳት። ደጃፋችን ላይ ስትደርስ ተመልሳ ጢሜን እያየች፣ «ጢምህ ላይ አቧራ አለ፤ ጥረገው» አለችኝ። አልጠረገችልኝም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 15

ኢድ ነው። ኢህሳን ጠዋት እናቷ ዘንድ ሄደች። ከመውጣቷ በፊት ገንፎ ሠርታ፣ ሥጋ ጠብሳ፣ ገበታውን ከድና ሄደች። ለአንድ ሰው ይበዛል።

ክብሪቱን ዛሬም ያዝኩ። ሁለት እንጨት ብቻ ነው የተሻገረው።

ቀትር ላይ በር ከፍቼ ተቀመጥኩ። መንገዱ በሰላምታ ተሞልቷል። ሐምዳን አዲስ ጀለቢያ ለብሶ በብስክሌት መጣ። «ኢድ ሙባረክ!» አለ። ተነሳሁ፤ «ግባ፣ ምሳ ብላ» አልኩት።

«ኧረ ጠግቤያለሁ፣ ሆዴን አሞኛል» አለ እንደ ልማዱ። እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው፤ ማልና አስገባኝ እያለ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የተጋበዝነው። አፌን ከፈትኩ። በማን ልማል? በሩን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ሐምዳን ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ከብስክሌቱ ወርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ምንም ሳልለው አልፎኝ ገባ፤ እጁን ታጠበ፤ ተቀምጦ በላ።